ከስንዝር በታች

ሰሌዳው አሁንም እዚያው ቆሟል። ከቡታጅራ ወጣ ብሎ፣ መስቃን ገጠር ውስጥ፣ ከግድባችን አፍ ላይ፣ በሁለት የባሕር ዛፍ እንጨት ላይ የተመታ ቆርቆሮ ነው። በሰማያዊ ቀለም «ከስንዝር በታች የሆነ ዓሣ ማውጣት ክልክል ነው። ያወጣ ይመልስ» ይላል። ፊደሉ ያምራል። አላፊ አግዳሚው ቆም ብሎ «ማነው እንዲህ አሳምሮ የጻፈው?» ሲል ሰምቻለሁ። እኔ ነኝ። በዚያ ባለፍኩ ቁጥር ደሜ ይፈላል። ልነቅለው ስንት ጊዜ እጄን ሰድጃለሁ፤ የማኅበር ንብረት ነው፣ በስብሰባ ካልተወሰነ አይነካም ይሉኛል።

ከወዲሁ ልናገር፤ ተናድጄ ነው የምጽፈው። ንዴቴ አልበረደም፤ እንዲበርድም አልፈልግም። ሰው ረጋ ብሎ ነው መጻፍ ያለበት ይላሉ። ረጋ ብዬ የጻፍኩት ያን ሰሌዳ ነው፤ ያመጣውን አየን።

ግድቡ የተሠራው ለበርበሬ ችግኝ ውሃ እንዲሆን ነው። ሁለት ክረምት ሲጠጣ ሰፋ፣ ጠለቀ፣ ዳር ዳሩን ደንገል አበቀለ፤ እኛም «ሐይቃችን» ማለት ጀመርን። ዝዋይን ያየ ሰው ይስቅብን ነበር፤ ይሳቅ። አንድ ቀን አንድ የዓሣ ባለሙያ በመኪና በርሜል ጭኖ መጣና የዓሣ ጫጩት ለቀቀበት። ቆሮሶ ነው የሚባለው ዓይነት። ጫጩቶቹ ከጣት ጥፍር አይበልጡም ነበር። እኛ የእንሰትና የበርበሬ ሰዎች ነን፤ ውሃ ውስጥ የሚኖር ነገር አርብተን አናውቅም። ሽማግሌ ሳይቀር ዳር ተኮልኩሎ በርሜሉ ሲደፋ አየ። «እነዚህ ናቸው ሥጋ የሚሆኑት?» ተባብለን ሳቅን።

ሆኑ። በሁለተኛው ዓመት ወጣቶቹ መረብ ሲጥሉ የሚወጣው ዓሣ ክንድ ሊያህል ምንም አልቀረውም። ያን ጊዜ ነው ታላቅ እህቴ ባሏ ሞቶ ሦስት ልጅ ይዛ የቀረችው።

ስለ እህቴ ልናገር። እናታችን ቶሎ ስላለፈች ያሳደገችኝ እሷ ናት። እሷ ትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጠችም፤ እኔን ግን ቅቤ እያነጠረች፣ በርበሬ እየቀነጠሰች አሥራ ሁለተኛ ክፍል አድርሳኛለች። ደብተሬን ገልብጣ ታይ ነበር፤ ማንበብ ባትችልም የተጨማለቀ ፊደልና ያማረ ፊደል ትለያለች። «ይኼ ጠሟል፣ ድገመው» ትለኝ ነበር። በዚህ ጽሕፈት ነው የግድቡ ማኅበር ጸሐፊ የሆንኩት። ያን ሰሌዳ የጻፈው እጅ እሷ ያቃናችው እጅ ነው።

ባሏ ሲሞት ዘመድ ሁሉ «አብሽሪ» ብሎ ተበተነ። እሷ ግን አርባው ሳይወጣ ቡታጅራ መናኸሪያው አጠገብ ሁለት አግዳሚ ወንበርና አንድ ትልቅ መጥበሻ ይዛ ተቀመጠች። ከግድባችን የወጣውን ዓሣ ታጸዳለች፣ ትተለትላለች፣ ትጠብሳለች፤ በዳጣና በቆጮ ታቀርባለች። ተሳክቶላት ነበር ብል ማጋነን አይደለም። ከጠዋት ጀምሮ የሚኒባስ ሾፌሮች፣ ከቆሼ ከተማ የመጡ የበርበሬ ነጋዴዎች፣ የመሥሪያ ቤት ሰዎች ይሰለፋሉ።

አንድ ነገር ደግሞ ነበረው ያ መጥበሻ። በእኛ አገር ሥጋ ሁለት ነው፤ የእስላም ሥጋና የክርስቲያን ሥጋ። የሚዋደድ ጎረቤት፣ አብሮ ያደገ ጓደኛ፣ ሥጋ ላይ ሲደርስ ትሪው ይለያያል። ዓሣ ግን ቢላዋና ባራኪ አይጠይቅም። እህቴ ጋ ሙስሊሙና ክርስቲያኑ አንድ ትሪ ላይ እጃቸውን ይሰዱ ነበር። በዐቢይ ጾም ጊዜማ ቦታ አይገኝም። ዓሣ ጾም ነው የሚለውና አይደለም የሚለው ሲከራከሩ ሁለቱም እየበሉ ነው። እሷ ዘይቱን እያገላበጠች «እናንተ ተከራከሩ፣ እኔ ልጥበስ» ትላለች። አንድ ቀን ከጾመኞቹ አንዱ «እመቤት፣ እርስዎ ባይኖሩ ይህን ሁለት ወር ምን እንበላ ነበር?» ሲላት፣ እኔ ዳር ላይ ቁጭ ብዬ ኩራት እንደ ቅቤ ራሴ ላይ ሲቀልጥ ተሰማኝ። እህቴ ናት ብዬ ለሁሉም ተናገርኩ።

ነገሩ የተበላሸው በስብሰባ ነው። የእኛ ነገር ምን ጊዜም የሚበላሸው በስብሰባ ነው።

በሦስተኛው ዓመት አንዱ ተነሥቶ «እንዲህ በመረብ እየተዛቀ ዓሣው ያልቅብናል» አለ። ፍርሃቱ እውነት የሌለው አልነበረም፤ ሌላ ቦታ ውሃው ባዶ እስኪቀር ጠራርገው የጨረሱ አሉ። ሊቀ መንበራችን፣ የተከበሩ ሐጂ፣ ከተቀመጡበት ቀና አሉና እንዲህ ጠየቁ።

«እንሰት ሳይደርስ ተቆርጦ ይፋቃል?»

«አይፋቅም» አልን በአንድ ድምፅ።

«ሳይደርስ የሚፍቅ ቤት ምን ቤት ነው?»

መልስ አያስፈልገውም። በእኛ ዘንድ ያልደረሰ እንሰት የቆረጠ ሰው ቤቱ መፍረሱን በአደባባይ እንደ ተናገረ ነው የሚቆጠረው። ሴቲቱ ታፍራለች፣ ወንዱ አንገቱን ይደፋል። ርሃብ እንኳ ቢሆን ጎረቤት ጋ ይኬዳል እንጂ ለጋ እንሰት አይነካም። ሐጂ «እንግዲያው ዓሣውም ይድረስ» አሉ። ስንዝር ያልሞላ ይመለስ፤ መረብ ትልቅና ትንሽ አይለይምና ይቅር፤ በመንጠቆ ብቻ ይጠመድ ተባለ። እንሰት የተጠቀሰበት ነገር ላይ ማን ይከራከራል? እኔም ቃለ ጉባኤውን ጻፍኩ፤ ቆርቆሮውንና ቀለሙን ገዝቼ ሰሌዳውን ጻፍኩ። የምንለካው በማን ስንዝር ነው ብሎ የጠየቀ አልነበረም። ጥበቃ አድርገን የቀጠርነው ሰው መዳፉ አካፋ ያህላል።

በዚያ ላይ የከተማ ልጆች ደረሱልን። ቅዳሜ ቅዳሜ ከአዲስ አበባ በመኪና የሚመጡ፣ የሚታጠፍ ወንበርና ቀጭን ዘንግ የያዙ ወጣቶች። ያጠምዳሉ፤ ዓሣውን በሁለት እጅ ይዘው ፎቶ ይነሣሉ፤ አንዳንዱ ይስመዋል፤ ከዚያ መልሰው ይለቁታል። ትልቁንም ትንሹንም። መጀመሪያ ዕብደት መስሎን ነበር። ከመካከላቸው አንዱ ሰሌዳዬን አይቶ «ፋዘር፣ እናንተ እኮ የገባችሁ ናችሁ። በሠለጠነው ዓለም እንዲህ ነው፤ ይዞ መልቀቅ። ሐይቅ የሚድነው እንዲህ ነው» አለኝ። ወይ ጉድ፣ እንዴት ደስ አለኝ መሰላችሁ። ፋዘር መባሉን እንኳ በዚያ ዕድሜዬ ዋጥኩት። ማታውኑ ለሐጂ ነገርኳቸው፤ ሐጂም በሚቀጥለው ስብሰባ ተናገሩት፤ ሁላችንም የሠለጠንን መሰለን። ልጆቹን አልወቅስም። እነሱ እሑድ ማታ ቤታቸው ገብተው ሌላ ነገር ይበላሉ፤ ዓሣው መዝናኛቸው ነው። የእኛ ግን ምሳ ነበር፤ የእህቴ ደግሞ የልጆቿ ጉሮሮ ነበር።

ከዚያ ወዲያ ዓሣው ማነስ ጀመረ። ቁጥሩ አይደለም ያነሰው፤ ቁጥሩማ ዳቦ ብትጥል ውሃው ይፈላ ነበር። መጠኑ ነው። የደረሱት ተበልተው አለቁ፤ ከታች የሚተካቸው ጠፋ። የሚያጠምደው ሰው ቀኑን ሙሉ ሲያወጣና ሲመልስ ይውላል። ስንዝር የሚሞላ ሁለት ካገኘ ዕድለኛ ነው። እኛም «ይታገሱ፣ እያደጉ ነው» እንል ነበር። አንድ ዓመት ታገሥን። እህቴ ከሁለት አግዳሚዋ አንዱን ሸጠች።

አንድ ቀን ጠዋት ቤቴ መጣች። በጉራጊኛ ነው የተነጋገርነው፤ እዚህ በአማርኛ አስቀምጠዋለሁ። በፌስታል አንድ ዓሣ ይዛለች፤ የመሐል ጣቴን ቢያህል ነው።

«እታለም፣ ይኼ ክልክል ነው እኮ» አልኳት ገና ሳታወርደው።

«ዝም በልና እይ» አለች። «ራሱን እይ። ራሱ የትልቅ ዓሣ ነው፣ ገላው የትንሽ። ይኼ ልጅ ነው?»

ዓይኑ ትልቅ፣ ጀርባው ሰይፍ የመሰለ ነበር። ከዚያ የዓሣውን አፍ በጥፍሯ ከፍታ መዳፏ ላይ አራገፈች። እንደ ሰናፍጭ የደቀቁ፣ ጥቁር ነጥብ ዓይን ያላቸው ጫጩቶች ወጡ። ቆሮሶ እንቁላሉን የሚፈለፍለው፣ ጫጩቱንም የሚደብቀው በአፉ ነው፤ እሷ ይህን ስንት ሺህ ዓሣ ስታጸዳ አውቃዋለች።

«እናት ናት» አለች። «ልጅ አይደለችም፣ እናት ናት። ከዚህ በላይ አታድግም። ርቧት ነው። ከዚያ ውስጥ ያለው ሁሉ እናትና አባት ነው፤ እየተራበ ይወልዳል፣ የተወለደው ይራባል። እናንተ ደግሞ ልጅ ነው እያላችሁ ትመልሳላችሁ። ትንንሹ በመረብ እንዲወጣ ፍቀዱልኝ። እኔ እንዳለ ድርቅ አድርጌ እጠብሰዋለሁ፣ ከነአጥንቱ ይበላል። ለተረፈውም ምግብ ይተርፈዋል።»

በዓይኔ አየሁ። አላህ ያሳያችሁ፣ መዳፏ ላይ ጫጩቱ ሲንቀሳቀስ አየሁ። ያልኳት ግን «ለሐጂ እነግራቸዋለሁ» ነው። አልነገርኳቸውም። ምን ብዬ? ማንበብ የማትችል እህቴ ሕጋችሁ ስሕተት ነው አለች ልበል? አፈርኩባት። አሁን ይህን ስጽፍ እጄን መቁረጥ ያምረኛል።

ከወር በኋላ ያ ጫጩቱን ያመጣው ባለሙያ በሞተር መጣ። ውሃውን አየ፣ ጥቂት ዓሣ አስጠምዶ በማስመሪያ ለካ፣ ከዚያ ስብሰባ ጠየቀን። ያለው ቃል በቃል እህቴ ያለችውን ነው ለማለት ይቻላል። «ማዕዱ አንድ ነው» አለ። «አሥር ሰው ከቀረበበት ይጠግባል፤ መቶ ከቀረበበት ሁሉም ይራባል። መልቀቅ የሚጠቅመው ዓሣ ባነሰበት ውሃ ነው። እዚህ ግን በዝቶ ተጨናንቋል። ትንንሹን በመረብ አውጡ፤ ሳትሳሱ አውጡ። የሚያድገው ያኔ ነው።»

ሐጂ ፈገግ አሉ። «ልጄ፣ ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል» አሉት። «ሕፃኑን ብሉና ሽማግሌው ይወፍራል እያልከን ነው?» ሰው ሁሉ ሳቀ። ባለሙያው ደብተሩን ዘጋ። እኔ ቃለ ጉባኤው ላይ «ባለሙያው ምክር ሰጥተዋል፤ ታይቶ ይወሰናል» ብዬ ጻፍኩ። ጸሐፊ የሆነ ሰው ያውቀዋል፤ «ታይቶ ይወሰናል» ማለት ማንም አያየውም፣ ማንም አይወስነውም ማለት ነው። እኔ ግን እህቴና የተማረው ሰው አንድ ነገር መናገራቸውን እዚያች ሰዓት አውቄ ነበር። አውቄ ነው ዝም ያልኩት።

ዐቢይ ጾም ገባ። እህቴ ከዓመቱ ሁሉ የምትጠብቀው ሰሞን ያ ነው። ደንበኞቿ መጡ፤ መጥበሻው ባዶ ነው። ሁለት ሳምንት ጎመንና ድንች ሸጠች። በሦስተኛው ሳምንት መረብ የነበራቸውን ወጣቶች አግባብታ ጎህ ሳይቀድ አንድ ሳፋ ትንንሽ ዓሣ አስወጣች። ሳፋውን ራሷ ላይ አድርጋ መንገዱ ጋ ሳትደርስ ጥበቃው ያዛት።

ጠዋቱን ሁሉ ሰው እስኪሰበሰብ ግድቡ ዳር ካለው ግራር ሥር አስቀመጧት። ሳፋው አጠገቧ ነው። ስብሰባው ሲጀመር ፀሐይ ወጥታለች፤ ዝንቡም መጥቷል። ሐጂ ምን እንዳደረገች ጠየቋት። አልዋሸችም፤ አላለቀሰችም።

«አውጥቻለሁ» አለች። «ያወጣሁት ግን ልጅ አይደለም። ወላሂ ልጅ አይደለም። ወንድሜ ይመስክር። ከዓሣዋ አፍ ጫጩት ሳወጣ በዓይኑ አይቷል።»

ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። ደብተሩ ጉልበቴ ላይ ነው፣ እስክሪብቶው እጄ ላይ። ሁለት ቃል ነበር የሚበቃው፤ አዎ፣ አይቻለሁ። ያ ሁሉ ሰው ሲያየኝ ለእህቱ አደላ እንዳልባል ፈራሁ። ተነሣሁ። ድምፄን ወፈር አድርጌ «ሕግ ሕግ ነው» አልኩ። «እህቴም ብትሆን ሕግ ሕግ ነው።»

አጨበጨቡልኝ።

እዚህ ላይ ትንሽ ቆሜ እርግማን ቢጤ ብናገር ደስ ባለኝ፤ የምረግመው ግን ራሴን ነው። ያን ጭብጨባ እንዴት እንደወደድኩት አስታውሳለሁ። ጀርባዬን መታ መታ ያደረገኝም ነበር። «ወንድ ማለት እንዲህ ነው» አለኝ። እህቴ አላየችኝም። ሳፋውን ነበር የምታየው።

ዓመቱን ሙሉ ከግድቡ ዓሣ እንዳትገዛ ተወሰነ። የተያዘው ዓሣ ደግሞ ሕጉ እንደሚለው ወደ ውሃው ይመለስ ተባለ። ጥበቃው ሳፋውን አንሥቶ ዳር ወረደና ገለበጠው። ዓሣው ከጎህ ጀምሮ የሞተ ነው። ሆዱን ወደ ላይ አድርጎ ነጭ ሆኖ ተንሳፈፈ። ነፋሱ ቀስ እያለ ወደ እኛ መለሰው፤ ደንገሉ ውስጥ ተከመረ። ሐጂ እጃቸውን ዘርግተው «አላህ ያሳድገው» አሉ። ሰው ሁሉ አሚን አለ። እኔም አሚን አልኩ። በሞተ ዓሣ ላይ። ከዚያ ተቀምጬ በዚያ በሚያምር ፊደሌ «የተያዘው ዓሣ ወደ ውሃው ተመልሷል» ብዬ ጻፍኩ።

እህቴ በሳምንቱ መጥበሻዋን ሸጠች። አሁን ዝዋይ ናት። ሐይቁ ዳር ለሰው ዓሣ ትተለትላለች፤ ከማለዳ እስከ ቀትር ቆማ፣ በሰው ቢላዋ። የመናኸሪያው ቦታዋን የስልክ ቀፎ ሽፋን የሚሸጥ ሰው ይዞታል። ደንበኞቿም ወደየትሪያቸው ተመልሰዋል። ሙስሊሙ ወደ ሙስሊም ቤት፣ ክርስቲያኑ ወደ ክርስቲያን ቤት።

በተከታዩ በጋ ግድቡ ደለል ሞላውና ለመጥረግ ውሃው ተለቀቀ። ያን ቀን ያልወጣ ሰው አልነበረም። ውሃው እየጎደለ ሲሄድ ዓሣው ወደ መሐል ተሰበሰበ፤ ከዚያ ጭቃው ላይ ቀረ። እግር ማሳረፊያ እስኪጠፋ ዓሣ ነበር። ሁሉም ያው ነው፤ ራሱ ትልቅ፣ ገላው ጣት። ሐጂ ራሳቸው ጎንበስ ብለው አንዱን በስንዝራቸው ለኩት፣ ጣሉት፣ ሌላ አነሡ፣ ለኩት። ስንዝር የሚሞላ አንድ እንኳ አላገኙም። እነዚያን ሁሉ ዓመታት ያሳደግነው ይህን ነው። ከሰዓት በኋላ አባ ኮዳዎች መጡ፤ እነዚያ ራሰ በራ ወፎች ጭቃው ላይ እየተራመዱ እስኪጠግቡ ለቀሙ። ለእህቴ የተከለከለውን ወፍ ሲበላው ቃለ ጉባኤ አልተያዘም። እኔ ብቻ ቆሜ እርር ድብን አልኩ።

ለአረፋ እህቴ መጣች። ለአረፋ የማይመጣ የለም፤ የተጣላም ይመጣል። እጇን ሳያት የቢላዋ ጠባሳ በጠባሳ ሆኗል። ሰላም አለችኝ፣ ልጆቼን ሳመች፣ ስለ ግድቡ አንድም ነገር አልጠየቀችም። በበዓሉ ማግስት ጓሮ የእንሰት ችግኝ እየነቀልኩ በሌላ መደብ ሳራርቅ መጥታ አጥሩ ጋ ቆመች።

«ለምን ትነቅለዋለህ?» አለች።

«ተጨናንቋል እኮ» አልኳት ቀና ሳልል። «ካልተራራቀ ይቀጥናል እንጂ አይወፍር...»

አፌ ውስጥ ቀረ። ይህን ሥራ ከልጅነቴ ጀምሮ በየዓመቱ እሠራዋለሁ። አባቴም ሐጂም ያ ስብሰባ ላይ የነበረ ወንድ ሁሉ በየዓመቱ ይሠራዋል። ከአንድ ጉቶ የበቀለውን ችግኝ ሁሉ እዚያው እንተወው ያለ ሞኝ በአገራችን ተወልዶ አያውቅም። የእንሰትን ሕግ ለዓሣ አመጣን ብለን ነበር፤ ግማሹን ብቻ ነው ያመጣነው። ለጋ አይፋቅም የሚለውን ይዘን፣ አራርቅ የሚለውን ጓሮ ትተነው ሄድን።

«ይኼ አፍህ» አለች እህቴ፣ «ያን ቀን የት ነበር?»

ቤት ገባሁና ደብተሩን አወጣሁ። አዲስ ገጽ ላይ በዝግታ ጻፍኩ፤ ዓሣውን ያቀጨጨው እኛ ያወጣነው ሕግ መሆኑን፣ እህቴ ከባለሙያው አስቀድማ መናገሯን፣ ከአፉ ጫጩት የወጣውን ዓሣ በዓይኔ አይቼ ሳልመሰክር መቅረቴን፣ ወደ ውሃው የተመለሰው ዓሣ የሞተ እንደነበር። ስጨርስ አነበብኩላት። እስከ መጨረሻው ሰማች።

«ፊደሉ ተቃንቷል?» አለች።

«ተቃንቷል።»

«ለእኔ ምን ታነብልኛለህ? እኔማ አውቀዋለሁ» አለች። «ለእነሱ አንብብላቸው። ቆመህ። ያን ቀን እንደቆምከው።»

በማግስቱ ወደ ዝዋይ ተመለሰች።

ክረምቱ ሲወጣ ግድቡ እንደገና ሞልቶ ነበር። «አዲስ ጫጩት ስለማስመጣት» የሚል አጀንዳ ተያዘ። ሐጂ የቀድሞው ሕግ እንዲቀጥል ሐሳብ አቀረቡ፤ «ያኔ ትዕግሥት አነሰን» አሉ። ትዕግሥት! እጅ ማውጣት ሲጀመር ተነሣሁ። ደብተሩን ገልጬ ያን ገጽ ከላይ እስከ ታች አነበብኩ። «ሕግ ሕግ ነው» ያልኩት ላይ ስደርስ ውሃ ጠጥቼ ቀጠልኩ።

ማንም አላጨበጨበም። ሐጂ መሬት መሬት እያዩ «ተቀመጥ ልጄ፣ አጀንዳው ይኼ አይደለም» አሉ። አልተቀመጥኩም። ይህ ገጽ ካልተፈረመ ሌላ ገጽ አልጽፍም፣ ጸሐፊ ፈልጉ አልኩ። ጉምጉምታ ሆነ። በመጨረሻ ሦስት ሰዎች መጥተው ፈረሙ። ጥበቃው አንዱ ነበር፤ የዚያን አካፋ የሚያህል መዳፉን አውራ ጣት ቀለም ውስጥ ነክሮ። ሌሎቹ ታይቶ ይወሰናል ብለው ተበተኑ።

መንገድ ላይ ሆኜ ለእህቴ ደወልኩ። ከጀርባዋ የወፍና የሰው ጫጫታ ይሰማል።

«አነበብክ?» አለች።

«አነበብኩ።»

«ቆመህ?»

«ቆሜ።»

ቢላዋው ጣውላው ላይ ሁለት ሦስት ጊዜ ሲያርፍ ሰማሁ።

«እታለም፣ ትመለሻለሽ?»

«ሥራ ላይ ነኝ» ብላ ዘጋችው።